አባትሽን ማን ጠየቃቸው?

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

ስለ መርሳት በሽታ የሚያጠና አንድ ወጣት ሐኪም ስለ አባትሽ አኗኗር ሊጠይቅ ቤት መጣ። አባትሽ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሳለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይበላሉ? ይተኛሉ? ደስተኛ ናቸው?» አለኝ። ዕቃ ናቸው እንዴ? ደሜ ፈላና፣ «ምላሳቸውን አልረሱም፤ ራሳቸውን ጠይቃቸው!» አልኩት። አፈረና ወንበሩን ወደ እሳቸው አዞረ።

አባትሽም፣ «እሷ ገበያ ስትወጣ የማን ቤት እንዳለሁ ይጠፋኛል። እፈራለሁ» አሉት። ይህን እኔም ሰምቼ አላውቅም። አሁን ገበያ አብረን ነው የምንወጣው።

አንቺም ስትደውዪ «አባዬ እንዴት ነው?» እያልሽ እኔን አትጠይቂኝ። «አባዬን አቅርቢልኝ» በይ፤ ስምሽ ቢጠፋቸው እንኳ ታግሠሽ አጫውቻቸው። ድምፅሽን አያሳጣን።

እናትሽ