ሻይ የፈሰሰበት ዝይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

የዛሬው ፐዝል ሐይቅና ዝይ። ከሥራ በፊት ጀመርኩት፣ አልጨረስኩትም። ድረ ገጹ በየጠዋቱ አዲስ ሥዕል ይለጥፋል፤ አንድ ቀን ተራራ፣ አንድ ቀን እንስሳ፣ አንድ ቀን የሆነ ሠዓሊ ሥራ። ተቆራርጦና ተበታትኖ ይመጣል፤ እኔ ቁራጮቹን ታብሌቴ ላይ በጣቴ እየጎተትኩ አገጣጥማለሁ። ትልቅ ሰው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ከዳር እጀምራለሁ። ከዚያ በቅርጽ... ባለ ሁለት ጆሮዎቹን ለብቻ፣ አንገተ ቀጫጭኖቹን ለብቻ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ በቀለም ነው የምትሰበስበው። "አንተ የቀለም ሰው ሆነህ በቅርጽ የምትሄደው ምን ነክቶህ ነው?" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የግድግዳ ቀለም ሳይ ስለምውል ነው አልኳት። ጥሩ መልስ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሥዕሎቹ ሰሞኑን ቆሽሸዋል። ዝይዋ ሻይ የፈሰሰባት ትመስላለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

የታብሌቱን መስታወት በአልኮል ወለወልኩት። ለውጥ የለም። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ሻዩ ይበልጥ ደመቀ።

እትዬ ያንኑ ፐዝል በራሷ ስልክ ትሠራለች። የማክሰኞዋ ዝይ ቆሻሻ ነበረች ስላት ከወጥ ቤት ድምጿን ለቀቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ጡረታ ወጥታ እኔ ጋ ከገባች ወዲህ ከክፍል ወደ ክፍል ስታወራኝ እንኳ መስመሩ የሚቋረጥ ይመስላታል።

"በረዶ የመሰለችውን ዝይ?"

"ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ ነጭ አይደለችም።"

ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ከዚያ፣ "በዐይንህ አትማል" አለች፣ ቀስ ብላ።

እሷ ቀስ ብላ ስትናገር አልወድም።

እሑድ፣ ኅዳር 9

የሠዓሊ ሥራ። መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ሴት፣ ትከሻዋ ላይ ሻል። ምሳ ላይ ሾርባ እየጠጣን፣ አረንጓዴው ሻል አስቸገረኝ አልኩ።

"የቱ አረንጓዴ?"

"የሴትየዋ ነዋ።"

ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ደገነችው። "ይሄ? ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው፣ በጥባጩ።" ቀለም ስለምበጠብጥ ነው እንዲህ የምትለኝ፤ ሌላም ምክንያት እንዳላት ትናገራለች። ሳቀች። ማንኪያዋን እስክትጥል ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ቆመና አየችኝ።

እኔ ሾርባውን አየሁ። ሾርባን ምን ቀለም ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

የጥርስ ሐኪሟ ሱቅ መጣች። ባለፈው ሳምንት ለሕፃናት መጠበቂያ ክፍሏ ሰማያዊ የበጠበጥኩላት እኔ ነኝ። ቀለሙ የተቀባበት ካርቶን ይዛ ነው የመጣችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ልጆቹ ሲገቡ ሰማይ እንዲመስላቸው ነበር የፈለግኩት" አለች። "አሁን ኩሬ ውስጥ የገቡ ነው የሚመስላቸው።"

ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ወስጄ አገላበጥኩት። ሰማይ ነው። ለእኔ ሰማይ ነው... የሱቁ ባለቤት አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ ጥጉን ያያል። ጥጉ ላይ ቀለም አንብቦ ራሱ የሚመጥን ማሽን አለ፤ ከተገዛ ጀምሮ ጨርቅ እንደለበሰ ነው። ሙሽሪት ነው የምንላት። የእኔ ዐይን እያለ ማን ይገልጣታል? እል ነበር።

ቢጫ አብዝቼ ይሆን? እንዴት ሳላየው?

ሰኞ፣ ኅዳር 17

እትዬ አዲስ ሹራብ ለብሳ ፊቴ ቆመች።

"ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

"ያምርብሻል።"

"ቀለሙን ነው የጠየቅኩህ።"

"ቀለሙም ያምርብሻል።"

ወጣች። ከበሩ ወዲያ ስልክ ስትደውል ሰማሁ። ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም። "ለወንድሜ ነው። አዎ፣ ዐይን። አይ፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፤ ድርቅናውን እናንተ አታክሙትም።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

የዐይን ሞራ። በሁለቱም።

የዐይን ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ "አባቴ" ብሎ ጠራኝ። ከምርመራው በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። "አባቴ፣ የዐይንዎ ሌንስ ቢጫ ሆኗል። ዓለምን በማር ጠርሙስ በኩል ነው የሚያዩት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱ አያውቀውም።"

አሮጌው ይወጣል፣ ንጹሕ ሌንስ ይተካል። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቆይቶ ግራው። አስብበታለሁ አልኩ። እትዬ ኮሪደሩን በሙሉ "ያስብበታል... ያስብበታል" እያለች ወጣች። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔ በደንብ አላየኋቸውም።

የፈራሁት ምላጩን አይደለም። እሺ፣ ምላጩንም ፈርቻለሁ። ግን... ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ዐይን ነው የበጠበጥኩት። አዲሱ ዐይን የሚያየውን እጄ ባያውቀውስ? ባይሳካስ? በአንድ ዐይን ቀለም የሚለይ ማን አለ? ያኔ ሙሽሪት በክብር ትገለጣለች፣ እኔ ደግሞ ጥጉ ላይ ጨርቅ እለብሳለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

አሁንም እያሰብኩ ነው። እትዬ፦ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

የዛሬው ፐዝል ዓሣዎች፣ ከባሕር ሥር። ከሰዓት በኋላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ግንባሯን ያዘች።

"ዛሬ እንዳንተ ቀለሙን ትቼ በቅርጽ ሞከርኩት። ራሴን አመመኝ። እንዴት ነው የቻልከው?"

ቀልድ ጠበቅኩ። አልመጣም።

በቅርጽ የጀመርኩት መቼ ነው? ምርጫዬ ይመስለኝ ነበር። ስልት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ... ለካ ዐይኔ ለእኔ ሳይነግረኝ ለራሱ ሌላ መንገድ ፈልጎ ኖሯል። ሌላስ ምን አልነገረኝም?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ለሱቁ ባለቤት ነገርኩት። "ከዛሬ ጀምሮ ሰማያዊ አልበጠብጥም። አላየውም።" ምን እንደሚለኝ በልቤ ደርድሬ ነበር የሄድኩት፤ ለእያንዳንዱም መልስ አዘጋጅቼ።

"አውቃለሁ" አለ፣ የቆርቆሮ ክዳን እየመታ። "ሰሞኑን ሰማያዊ የጠየቀውን ሁሉ አልቋል እያልኩ የምመልሰው ምን መስሎህ ነው? ሰዉ እኮ መደርደሪያው ሞልቶ እያየ ነው የሚወጣው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለአንተ? ማን ደፍሮ?"

ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ሥራ ፈታ።

"ታከምና ና። እስክትመጣ ሙሽሪትን ላሠራት ነው።"

"ስመለስስ?"

"ትጣላላችኋ።"

ለሐኪሙ ደወልኩ። እትዬ እንዳትሰማ ዝግ ባለ ድምፅ። ሰማች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ቀኙ ተሠራ። በአንድ ዐይን ነው የምጽፈው፤ መስመሩ ቁልቁል እየሄደ ነው። አላመመኝም። ፍርሃቱ ነው የደከመኝ።

ስንወጣ እትዬ ክንዴን ይዛ፣ "ደረጃ አለ፣ እግርህን አንሣ" አለች። አነሣሁ። ደረጃ አልነበረም።

"ለልምምድ ነው" አለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

ፋሻው ተፈታ።

የሐኪሙ ጋውን... ነጭ። ነጭ ማለት ይሄ ነበር እንዴ?

መንገድ ላይ አጥር የያዘው ፌስታል አየሁ። ሰማያዊ። ቆምኩ። እትዬ "ፌስታል እኮ ነው" አለች፣ ግን ቆመችልኝ። ሰው እያለፈን ሁለት አዛውንቶች ፌስታል እያየን ቆምን።

ቤት ስንገባ ሳሎኑን ዞሬ አየሁት። "ይሄን ግድግዳ ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"አንተ።"

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26

ሥራ ከተመለስኩ ሳምንት ሊሞላኝ ነው። የጥርስ ሐኪሟን ግድግዳ እንደገና በጠበጥኩላት፤ በቀኝ ዐይኔ ብቻ፣ ግራውን በእጄ ሸፍኜ። ተመልሳ አልመጣችም። በሱቅ ቋንቋ ምስጋና ማለት ነው። ከሙሽሪት ጋር በአንድ ግራጫ ተጣላን፤ እሷ ረታች። የሱቁ ባለቤት ለማን ወግኖ ደስ እንዳለው አልገባኝም።

ፐዝሉን አሁን በቀለም ነው የምጀምረው። ቀርፋፋ ሆኛለሁ። አንዱን ቁራጭ እይዝና መግጠሙን ረስቼ አያለሁ። እትዬ ቀድማኝ ትጨርሳለች፤ በዚህም ምንም ሐዘን አይታይባትም።

ያልጠበቅኩት እሷን ማየት ነው። በአዲሱ ዐይን ፀጉሯ ጥርት ያለ ነጭ ነው። እጇ ላይ ነጠብጣብ አለ። ከዐይኗ ሥር... ይሄ ሁሉ መቼ ሆነ? እኔ የት ሄጄ ነበር? እዚሁ ነበርኩ፤ ከፊቷ ተቀምጬ ሾርባ እየጠጣሁ። ገና ባልተነካው በግራው ሳያት ግን ፊቷ ወርቅማ ነው፤ ምንም መስመር የለውም፤ ስልክ ቤት የምትሠራዋ እትዬ ናት። አንዱን እጨፍናለሁ። ሌላውን እጨፍናለሁ።

"ምን ትጠቅሰኛለህ?" አለች ጠዋት። "ታላቅህ እኮ ነኝ።"

ከሐኪም ቤት ደወሉ። ግራው የሚቀጥለው ሳምንት ይሁን ወይስ ይቆይልዎት? ይቆይ ልል ነበር... ይሁን አልኩ። እንግዲህ ጥቂት ቀን አለኝ።

እትዬ መነጽሯን ፍለጋ ገባች።

"ራስሽ ላይ ነው" አልኳት።

አውርዳ አደረገችውና አየችኝ። ቀኝ ዐይኔን ጨፈንኩ።

"ደግሞ ጀመርክ" አለች።