የመጽሐፍ ሕመም

መስከረም 24 ቀን 1975

ዛሬም ሕመሙ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ሰዓቱን አይስትም። መጀመሪያ የግራ ዓይኔን ይወጋኛል፤ ከዚያ እንባ... በግራ በኩል ብቻ። ታይፑን ትቼ ወጣሁና ግቢውን ስዞር ቆየሁ። መቀመጥ አልችልም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀኝ። ተመልሼ ደብዳቤውን ጨረስኩ፤ ሁለት ስህተት ብቻ።

መስከረም 27

የውይይት ክበቡ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሌላ ሰዓት ጠፍቶ ነው? አሥር ደቂቃ ተቀምጬ ወጣሁ። አለቃዬ ጓድ አንዳርጋቸው ኋላ ጠሩኝ።

"ሁልጊዜ ውይይት ሲጀመር ነው የምትታመሚው?"

የሐኪም ማስረጃ ካላመጣሁ ከሥራዬ... አልጨረሱትም። ገብቶኛል።

መስከረም 28

ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ትሑት። ሁሉንም ነገርኩት። መጽሐፉን ገለጠ።

"የምትይው ሁሉ እዚህ አለ። ግን ይኼ ወንዶችን ነው የሚይዘው።"

ከዚያ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀኝ። ለምን ባል እንዳላገባሁም።

"አባቴም አለባቸው" አልኩት።

"አባትሽማ ወንድ ናቸው።"

"ጭንቀት" ብሎ ጻፈልኝ። ይህን ይዤ ጓድ አንዳርጋቸው ፊት ልቁም? አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ደቅ ደሴት ላሉት ለአባባ በጀልባ ደብዳቤ ላክሁ።

ጥቅምት 7፣ እሑድ

አባባ መጡ። በሐይቁ ውሃ ጥምጥማቸው ሳይቀር ረጥቧል።

ልጅ ሳለሁ ደቅ ላይ፣ ይኸው ሕመም ሲነሣባቸው ከዛፎቹ ሥር ይመላለሱ ነበር። የቆሎ ተማሪዎቻቸው "የኔታን መጽሐፍ በዝቶባቸው ነው" ብለው ማር ይበጠብጡላቸዋል። የሊቅ ሕመም ነበር እዚያ። እኔ ምን አነበብኩ? የመሥሪያ ቤት ሰርኩላር።

ስምንት ሰዓት ላይ መጣብኝ። ሰው ሁሉ "ተኚ" ይለኛል። አባባ አላሉኝም። ክንዴን ያዙና አብረን ግቢውን ዞርን። እንዴት እንደወደድኳቸው...

ሲለቀኝ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ያለቅሳሉ።

"አመመዎት እንዴ?"

"የለም ልጄ። እናቴን አስታውሸ ነው።"

አያቴ ወለተ ኪዳንም ነበረባቸው ለካ። ሴት ናቸውና መንፈስ ነው ተባለ። ሕመሙ ሲነሣ አልጋ ላይ ያስሯቸው ነበር።

"ጎረምሳ ነበርሁ። ገመዱን የያዝሁት እኔ ነኝ። ኋላ እኔን ሲይዘኝ የእሷው መሆኑን አወቅሁ። 'የመጽሐፍ ነው' ሲሉኝ ግን ዝም አልሁ። ክብሩ ጣመኝ።"

እጃቸውን ሳምኩ።

ጥቅምት 10

ሕመሙ አልቀረም። አዲሱን የሐኪም ወረቀቴን ግን ጓድ አንዳርጋቸው ተቀበሉኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ፤ ጠያቂ የለም። "ቀድመሽ እንዲህ አትይም ነበር?" አሉኝ። ብያቸው ነበር።

ሰኞ ዕለት አባባ ናቸው ክሊኒክ ይዘውኝ የሄዱት። ወንበር ቢሰጣቸው እምቢ አሉ። ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፣ ገመዱንም ጭምር። ዶክተሩ መጽሐፉን አልገለጠም። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ "ጭንቀት" ያለበትን ወረቀት ተቀብሎ ቀደደና የሕመሙን ስም የያዘ ሌላ ጻፈልኝ። ካርዴ ላይ "አባቷም አለባቸው" ብሎ ሲጽፍ አባባ አቆሙት።

"እናቴንም ጻፍልኝ። ወለተ ኪዳን።"

"በሕይወት አሉ?"

"የለችም። ጻፋት።"

ጻፈ። አባባ ካርዱን ተቀብለው የእናታቸውን ስም ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጡት።