የጓሮ በር ያለው ቤት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

እህቴ ስጦታ፣ ጤናሽ እንደ ሊማሊሞ ገደል የጸና ይሁን። ይህን ተቀምጠሽ አንብቢው፤ በቤታችን ታላቅ ነገር ወርዷል። እማዬ ቤት ልትገዛ ነው!

ሦስት አየን። የገበያው ዳር ቤት ቆርቆሮው አዲስ፣ ክፍሉም ሰፊ ነው። እማዬ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ፣ «የጓሮ በሩ የታለ?» አለች። ባለቤቱ አቶ ሸሀቡ፣ «እመት በለጠች፣ በፊት በር የገባ ሰው በፊት በር ቢወጣ ምን ይሆናል?» ቢሏት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የሁለተኛውን ቤት መስኮት በክንዷ ለካችና ዞራ ትከሻዬን አየችና፣ «አያሾልክም» አለች። በመስኮት የምወጣው እኔ ሌባ ነኝ እንዴ?

ሦስተኛው ያፈሳል፤ ግድግዳውም ዘሟል። የጓሮ በሩ ግን በባሕር ዛፉ መሃል በቀጥታ ወደ ሸለቆው ያወጣል። «ቤት ማለት ይሄ ነው!» አለች። «ለዶሮዎቹ ይመቻል።» ዶሮ እንደሌለን አንቺም ታውቂያለሽ።

ሌላ ወሬ፣ እኩያዬ ደምለው ለቀበሌ ስብሰባ ብሎ እንደወጣ ቀርቶ ከጦር ማሰልጠኛ ፎቶ ላከ። ፀጉሩን ላጭተውት ጆሮ ብቻ ሆኗል። እኔ ስስቅ እማዬ አልሳቀችም፤ በማግስቱ ሄዳ ሦስተኛውን ቤት ተዋዋለች። እኔም የጓሮ በሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት፤ አሁን ሲከፈት ድመት እንኳ አይሰማውም።

እንግዲህ ታላቅ ነገር ያልኩሽ አንዲት በር ናት፤ ተራ ነገር። የሌሉት ዶሮዎች ሳይቀሩ ሰላም ብለውሻል።

እስካሁን እቤት ያለው ወንድምሽ፣
አሻግሬ