አሥራ አንደኛው ምልክት፦ የአቶ ሚንኮ ራይኮቭ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሚንኮ ራይኮቭ ከአንጥረኛው ከአቶ ራይኮና ከወይዘሮ ስቶይና፣ በባልካን ተራራ ሥር በምትገኘው በካሎፈር ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 1946 ተወለዱ። እናታቸው «ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ስንት ሰዓት ነው ያለኝ መሰለኝ» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በከተማቸው ጨርሰው ሶፊያ የባቡር ሙያ ተማሩ። ከ1967 ጀምሮ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት በካሎፈር ጣቢያ፣ ኋላም በጣቢያ ኃላፊነት አገልግለዋል። በእሳቸው ምክንያት የዘገየ አንድ ባቡር የለም። በሌላ ሰው ምክንያት የዘገዩትን ግን ከነቀናቸው ያስታውሱ ነበር። በ1971 እህቴን ቬሊካን አግብተው ልጃቸውን ኔዳን ወለዱ። ሙሽራዋ ለሠርጉ አሥራ ሁለት ደቂቃ መዘግየቷ እስከ ዘንድሮ ድረስ ሲነሳ ኖሯል።

በ1974 ያለ ደመወዝ የተራራ መንገድ ምልክት ቀቢ ሆኑ። የተራራ ወዳጆች ማኅበር አንድ ጣሳ ነጭ፣ አንድ ጣሳ ቀይ፣ ሁለት ብሩሽ ሰጥቶ «በተመቸህ ቀን» አላቸው። ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ በኋላም ደንቡ ያው ነበር፤ ፈቃደኛው በተመቸው ቀን ወጥቶ፣ ድንጋይ ላይ በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል አንድ ቀይ ይቀባል። ጭጋግ ሲወርድ መንገደኛው ምልክቱን ተከትሎ ይሄዳል። ጋሽ ሚንኮ ሰዓታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ የሚሰቅሉት ወደዚያ ሲወጡ ብቻ ነበር።

በ1996 ኦገስት ላይ ናዳ መንገዱን በላውና አዲስ መንገድ ከላይ ወጣ። የአሮጌው መንገድ አሥራ አንድ ምልክቶች፣ ሰው ተከትሏቸው ገደል እንዳይገባ፣ በድንጋይ መልክ ግራጫ መቀባት ነበረባቸው። አሥሩን ቀቡ። አሥራ አንደኛው ጋ ሲደርሱ ዝናብ ጣለ፤ እርጥብ ድንጋይ ቀለም አይዝም። «በሚቀጥለው ሳምንት» ብለው ወረዱ። በሚቀጥለው ሳምንት በከተማው የጋራ ማውጫ የፕለም አረቄ የማውጣት ተራ ደረሳቸው። በወዲያኛው ታናሽ እህታችን ተዳረች። የጠየቃቸው የለም፤ የተባለው በተመቸህ ቀን ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ቀን ካሊና የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ በጭጋግ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ቦርሳዋ ከአሥራ አንደኛው ድንጋይ ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እሷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ፈላጊዎቹ ከታች ስሟን ሲጠሩ፣ ጋሽ ሚንኮ ከላይ ብቻቸውን ነበሩ። ግራጫውን ቀለም ከቦርሳቸው አወጡ። ድንጋዩ ያን ቀን ደረቅ ነበር።

ቀዩ ግን በየፀደዩ ግራጫውን ገፍቶ ይወጣል። ሃያ ሰባት ጊዜ መልሰው ቀቡት። ለምን ወደዚያ ድንጋይ እንደሚመላለሱ ቬሊካም እኔም አናውቅም ነበር። ጭጋግ በወረደ ቁጥር ደግሞ ፉጨት ይሰሙ ጀመር፤ ተራራ ላይ የጠፋ ሰው እንደሚያፏጨው፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ። ማንኪያቸውን አስቀምጠው ይነሳሉ።

«ተቀመጥ አንተ ሰውዬ፣ ባቡር ነው!» ትላለች ቬሊካ።

«በዚህ ሰዓት ባቡር የለም» ይላሉ፣ ጫማቸውን እያሰሩ።

የካሊና እናት ወይዘሮ ዝላታ በየዓመቱ ከፕሎቭዲቭ እየመጡ እነ ሚንኮ ቤት ያድሩ ነበር። በማግሥቱ ጋሽ ሚንኮ ቦርሳው ወደተገኘበት ቦታ ይወስዷቸዋል። ወይዘሮ ዝላታ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ የሹራብ ካልሲ ሠርተው ያመጣሉ።

«እንካ ወንድሜ፣ እግርህን እንዳይበርድህ። አንተ ባትወጣላት ማን ይወጣላት ነበር?»

ሃያ ሰባቱም ጥንድ በጋሽ ሚንኮ መሳቢያ ውስጥ ተገኝቷል። አንዱም አልተጠለቀም።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። በጃንዋሪ እኔን አስጠርተው ይህን ሁሉ ነገሩኝና «የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፍ፤ ድንጋዩን እንዳትዘል» አሉኝ።

«ዝላታ ፊት ይነበብ?»

«ፊቷ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ፊቷን እያየሁ አልቻልኩም። አንተ ወረቀቱን እያየህ ታነባለህ።»

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። በማግሥቱ ወደ ድንጋዩ ወጥቼ ነበር። ጭጋግ ነው፤ ቀዩ ብቅ ብሏል። ድንጋዩ ደረቅ ስለነበር እዚያው ቀባሁት። ፉጨት ሰማሁ ለማለት አልደፍርም። አልሰማሁም ለማለትም።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቬሊካን፣ ልጃቸውን ኔዳንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ጭጋግ ከማይወርድበት ያሳርፍልን፤ ካሊናንም ባለችበት ያግኛት።

ወይዘሮ ዝላታ፣ ይህን የሚሰሙት አሁን ነው። በአገራችን ልማድ አፈር የሚጥል ይቅር ያለ ነው። የመጀመሪያው እፍኝ የእርስዎ ነው፤ ከእርስዎ በፊት ማንም አይጥልም። ቄሱ ያውቃሉ፤ ለቆፋሪዎቹም ተነግሯቸዋል። ሚንኮ ራይኮቭ ሰዓታቸውን አውልቀዋል፤ እርስዎ እስኪመችዎ ይጠብቃሉ።