ከደረጃ ያልወደቁት የአቶ ጥጋቡ ቀለመወርቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጥጋቡ ቀለመወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ቀለመወርቅ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች መኮንን በሐምሌ ወር 1972 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ፣ መርሳ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ መርሳ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በዚያው ዓመት አባታቸው በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ፍራፍሬ በመኪና ላይ መጫን ጀመሩ፤ ታናሽ ወንድማቸው ግን እንዲያቋርጥ አልፈቀዱም። ያ ታናሽ ወንድም ይህን የምጽፈው እኔ አለምነህ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በእርሳቸው ትከሻ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጽጌሬዳ አያሌው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሲሳይንና ትርሲትን ወለዱ። በ2002 ዓ.ም. ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ተጉዘው በጅዳ ወደብ፣ በአንድ የመጋዘን ድርጅት በጫኝና አውራጅነት ተቀጠሩ። ቁጥብ፣ ሥራ የማይመርጡ፣ በሚያድሩበት ክፍል የታመመ ሰው ካለ ሳይጠየቁ ሾርባ የሚያሞቁ ሰው ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. አሠሪ ፈልገው እኔንም አስመጡኝ። ዓረብኛ ቶሎ ስለገባኝ በዚያው ድርጅት ቢሮ ተላላኪ ሆንኩ።

ጥር 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፍሬኑ አልይዝ እያለ ሳምንት ሙሉ አቤት የተባለበት የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ወደ ኋላ ሲመለስ አቶ ጥጋቡን ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ቀኝ ታፋቸውንና ዳሌያቸውን ሰባበረው።

በማግስቱ ሙዲሩ፣ ማለትም የድርጅቱ ኃላፊ፣ ቢሮው ጠራኝ።

«መጋዘን ውስጥ ተጎዳ ከተባለ መርማሪ ይመጣብናል። ከሚኖርበት ቤት ደረጃ ላይ ወደቀ ብለህ ምስክርነት ፈርም» አለኝ። «ኢቃማህ በሚመጣው ወር ያበቃል አይደል?» ሲልም የመኖሪያ ፈቃዴን አነሳብኝ።

ፈረምኩ። በዚህም አላበቃሁም፤ ወረቀቱን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ወንድሜ ዓረብኛ ማንበብ አይችሉም ነበር።

«ምንድነው?» አሉኝ።

«የሕክምና ወረቀት ነው ጋሼ፤ አሻራህን አድርግበት።»

«አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ» አልኩ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም ያስነካሁት እኔ ነኝ።

ድርጅቱ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ «የሥራ ጉዳት አይደለም» ብሎ ሕክምናቸውን አቆመ። እግራቸው ተጣሞ ገጠመ። የወደቡ ጓደኞቻቸው በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ፣ የውጭ አገር ሰውም ቢሆን፣ ሕክምናና ካሳ መጠየቅ እንደሚችል፣ አቤቱታው ግን የጊዜ ገደብ እንዳለው ነገሯቸው። ፋይሉ ያለው መካ፣ በድርጅቱ ዋና ቢሮ ነበር። እኛ ክርስቲያኖች ስለሆንን መካ አንገባም። ስለዚህ እዚያው መካ፣ ዛሂር ሰፈር የሚኖረው ሙስሊሙ የአገራችን ልጅ ዘይኑ በውክልና ሄዶ ቅጂውን አመጣ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ያነብላቸው ጀመር።

«ከቤቱ ደረጃ ወደቀ ነው የሚለው፣ ጋሽ ጥጋቡ። የርስዎም አሻራ አለበት። ምስክሩ ደግሞ…» ብሎ ቀና ሲል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ስሙን አንብበው» አሉት።

አነበበው። ወንድሜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ዘይኑ ወደ ውጭ ጠራኝና «ወላሂ ጊዜው ገና አላለፈም። ሄደህ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በሐሰት ፈርሜያለሁ ብትል ጉዳዩ ይታያል» አለኝ። እኔ ግን አስረው፣ ከአገር የሚባረሩት ሰዎች ወደሚታጎሩበት ወደ ሹመይሲ ይወስዱኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ እሄዳለሁ አልኩት። ነገ፣ ነገ እያልኩ ቀኑ አለፈ። ወንድሜ አንድም ቀን «ሂድ» አላሉኝም፤ ጠዋት ጠዋት ስወጣ ግን ፊቴን ያዩት ነበር። ኢቃማዬ ታደሰ። የታደሰውም ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ እኔንም አሰናበቱኝ።

አቶ ጥጋቡ በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. በክራንች ወደ መርሳ ተመለሱ። መናኸሪያው አጠገብ ጫማ እየጠገኑ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ጀመር። ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ወጣት ሲያገኙ አጠገባቸው አስቀምጠው «ሳይነበብልህ አሻራ አታድርግ፤ ለማስነበብም አንድ ሰው ብቻ አትመን። ከተጎዳህ ቦታውንና ሰዓቱን አስመዝግብ፤ የሐኪም ማስረጃ ያዝ፤ ያየህን ሰው ስም ጻፍ» እያሉ ይመክሩ ነበር። የእኔን ስም ለማንም አላነሱም። ለባለቤታቸውና ለእናታችን እንኳ የነገሯቸው ከደረጃ መውደቃቸውን ነበር።

በአጥንታቸው ውስጥ የቀረው ቁስል እያመረቀዘ ደሴ ተመላልሰው ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው መስከረም ሕመሙ ሲጠናባቸው ያስታመምኳቸው እኔ ነበርኩ።

«የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፈው» አሉኝ። «የተጎዳሁበትን ቦታ ግን አስተካክለህ ጻፍ።»

«በሰው ፊት ይነበባል እኮ፣ ጋሼ።»

«ይነበብ። ከቀባሪው መሃል ነገ ለመሄድ ፓስፖርት ያወጣ ልጅ አይጠፋም።»

አቶ ጥጋቡ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። እናቴ ወይዘሮ አሰለፈችና ወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ እንዲሁም ሲሳይና ትርሲት ይህን ነገር የሚሰሙት አሁን ከእናንተ ጋር ነው። ለብቻቸው ልነግራቸው ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመልሻለሁ።

አቶ ጥጋቡ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ፤ ከእነርሱም ሌላ እናታቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

ሐሰተኛ ምስክር በማይቆምበት አደባባይ የሚፈርድ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። እኔ ዛሬ ከሐዘንተኞች ጋር ለመቀመጥ አልደፈርኩም፤ ከበሩ ላይ ቆሜያለሁ።