የኦቦ ገመቹ ታፔላ አይወርድም

ውድ ገመቹዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ተቀይሜህ ነው። ሳትሰናበተኝ መሄድህን በቀላሉ የማልፍልህ ከመሰለህ አታውቀኝም ማለት ነው። የሱቅህን ነገር ግን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማ ራሴ ልንገርህ ብዬ ነው።

መናኸሪያው ከተነሣ በኋላ መንገዳችን እንዴት እንደቀዘቀዘ ጅማሬውን አይተሃል። አንተ ካረፍክ ወዲህ ጭራሽ ሰው ራቀው። ልብስ ሰፊው ማሽኑን ጭኖ ሄደ፤ ሻይ ቤቱም ተዘጋ። ጎረቤትህ ከድር ብቻ ከሚሸጠው ጨርቅ ላይ አቧራ ሲያራግፍ ይውል ነበር። ምሳ ሳመጣልህ የጠገንከውን ሬዲዮ እስከ መጨረሻ ከፍተህ ሰፈሩን ስታደነቁር፣ እኔም ስቆጣህ፣ አንተ ስትስቅ ትዝ እያለኝ በተዘጋው በርህ ማለፍ አቃተኝ። ስለዚህ ሱቁን ለአንድ ሲሚንቶ ነጋዴ ልሸጠው ተስማማሁ። መጋዘን ሊያደርገው ነበር። የሽያጩ ውል እስኪፈረም ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ ከዩኒቨርሲቲ ለወጡ ሦስት ልጆች አከራየሁት።

ልጆቹ ኮምፒውተር ይዘው ገቡ። የእህል ዋጋ ለገበሬው በሞባይል የሚልክ ድርጅት ልናቋቁም ነው አሉኝ። አለቃቸው ሌንሳ የምትባል የጉደር ልጅ ናት፤ ስታወራ እንዳንተው እጇ አያርፍም። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጠው ይውላሉ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ግን አልነበረም። እውነቱን ልንገርህ፣ አንጀቴን በሉት። አንድ ነገር ብቻ ከልክያቸዋለሁ፤ በእጅህ የጻፍከውን «የኦቦ ገመቹ ሬዲዮ ጥገና» የሚለውን ታፔላ እንዳይነኩት።

በገበያ ቀን ከእጃጂም ከወንጪም የሚመጣ፣ ማረፍህን ያልሰማ ሁሉ ታፔላህን አይቶ ሬዲዮውን ታቅፎ ይገባ ጀመር። ሌንሳ መርዶ መንገር ከበዳት። «ትንሽ ወጣ ብለዋል፣ እስቲ እኛ እንየው» ትላለች። ሁለቱ ወንዶች መበየጃህን ከመሳቢያ አውጥተው ይታገላሉ። መጀመሪያ የነካኩትን ሬዲዮ ጭራሽ ገደሉት፤ አሁን እጃቸው እየተፍታታ ነው።

ሰዎቹ ታዲያ ሬዲዮው እስኪሠራ አግዳሚህ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። አንዱ ጤፉን በአህያ ጭኖ ከመጣ በኋላ ዋጋው ወድቆ እንደጠበቀው፣ ይዞት መመለስም ስላቃተው በወደቀው ዋጋ እንደሸጠው በምሬት ነገራቸው። ያኔ ነው ልጆቹ የነቁት። ለካ ዋጋውን ገበያው ከቆመ በኋላ፣ ያውም በረጅም አማርኛ ነበር የሚልኩት። አሁን በዋዜማው፣ ገበሬው ሳይጭን፣ በአጭር ኦሮምኛ ይልካሉ። ሬዲዮ ይዞ የመጣው ሁሉ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

የሚጠብቅ ሰው ሻይ ይፈልጋልና ሻይ ቤቱ ተከፈተ። ከድር ከጨርቁ ጎን የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ የገበሬውን ስልክም ቻርጅ ያደርጋል። በልብስ ሰፊው ቤት የልጆቹ ጓደኞች ኮምፒውተር ማስተማር ጀምረዋል። ሁሉም አማረ አልልህም፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ኔትወርኩም እንደ ፈቀደው ነው። ግን መንገዳችን ሰው አለበት።

ባለፈው ሰኞ ነጋዴው ውሉን ይዞ መጣና ሱቁን ላሳየው አብረን ወረድን። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ታቅፈው ወደ ውስጥ «ኦቦ ገመቹ፣ ኦቦ ገመቹ» እያሉ ይጣራሉ። አንዱ ልጅ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «አቤት» አለ። ገመቹዬ፣ ቤታችን ውስጥ ስምህ የሚነሣው በለቅሶ ብቻ ሆኖ ነበር እኮ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ነጋዴውን ይቅርታ ጠይቄ፣ ሱቁ አይሸጥም ብዬ መለስኩት።

ሌንሳ የድርጅታቸውን ስም ታፔላው ላይ ለመጻፍ ፈቃድ ጠይቃኛለች፤ ካንተ ስም ሥር ከሆነ ይሁን ብያታለሁ። እኔ እስካለሁ ያ ታፔላ አይወርድም፤ አቧራውንም እኔው እጠርጋለሁ። በሰላም እረፍ። ሲጠሩህ አቤት የሚልልህ አለ።

የማልረሳህ፣ ትንሽ ቅያሜ ብቻ የቀረኝ፣
ጫልቱ