የኮርቻ ሠሪው ርስትና ወንድሙ

ሥላሴን አስቀድሜ እናገራለሁ። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ፣ ዓመቱ ፲፰፻፶፱፣ ወሩ የካቲት፣ ዕለቱም መድኃኔ ዓለም ነው። እግሬ አብጧል፣ ትንፋሼም አጥሯል። አእምሮዬ ግን ደኅና ነው፤ ይህን የምለው የተጣላኋቸውን ሰዎች ሁሉ ከነምክንያታቸው ስለማስታውስ ነው። ቃሌን የሚጽፉት መሪጌታ ይርጋ ናቸው። የነፍስ አባቴ አባ ትሁን በራስጌዬ፣ ልጄ እቴነሽ በግርጌዬ ተቀምጠዋል። የመንደራችን ሽማግሌ አቶ ፈንታሁን ከግድግዳው ጥግ ናቸው። ዘውዱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግባ ብንለው አልገባም። ስለ እሱ በቦታው እናገራለሁ።

እኔ የዚህ አገር ሰው ገብረመድኅን የሚለኝ፣ አባቴ ካራፔት ብሎ ያወጣልኝ፣ የአርመን ሰው ነኝ። ወደዚህ የመጣሁት ከኢየሩሳሌም ከሚመለሱ የበጌምድር መነኮሳት ጋር ነው፤ ያን ጊዜ ጢሜ እንኳ በቅጡ አልበቀለም ነበር። ዛሬ ጥርሴ አልቋል። ስለዚህ እኔ ከመጣሁ በኋላ የተወለደ ሁሉ የአገሩን ነገር ሊያስረዳኝ ሲነሣ እበሳጫለሁ።

ቆላ ላይ የያዘኝ ንዳድ ደብረ ታቦር ስደርስ ከበቅሎ ጣለኝ። ወይዘሮ አመተማርያም ከመንገድ አንሥታ ቤቷ አስገባችኝና አስታመመችኝ። ነፍስ ስዘራ ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ቆዳ እሠራለሁ አልኋት። ቆዳ የሚሠራ ሰው በዚህ አገር ዓይኑ እንደሚፈራ፣ ከሰው ማዕድ እንደሚለይ የሰማሁት ኋላ ነው። እሷ ግን ይህን እያወቀች ከራሷ መሶብ አጎረሰችኝ። ትልቁ ልጇ በጦርነት ሞቶባት ነበር። እኔ ስድን ሽማግሎቹን ሰበሰበች፤ እንደ ሥርዓቱ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አጠባችኝና የጡት ልጇ አደረገችኝ። የጡት ልጅ ከሆድ ልጅ እኩል እንደሚወርስ እዚያው ተነገረ። ከማሕፀኗ የወጣው ዘውዱ ያኔ ገና ሕፃን ነበር፤ የተረፈውን ማር ከሸክላው በጣቱ ጠርጎ ሲልስ እናታችን ተቆጣችው፤ እኔም ሳቅሁ። ወንድም ያገኘሁት በዚያ ቀን ነው።

የአገሩን መለወጥ ያየሁት በሚታዘዘኝ ሥራ ነው። ዱሮ ብዙውን ጊዜ የምሠራው የሙሽራ ኮርቻ ነበር፤ ባሕረ አረብ በሚባለው ለስላሳ ቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ ጠርዙ በሐር የተጠለፈ። ቀጥሎ የካህናት በቅሎ ኮርቻ ነው፤ ካህናት ዋጋ ሲከራከሩ ጊዜ አላቸው፣ አባ ትሁን ይቅር ይበሉኝ። ያ ዘመን ገነት ነበር አልልም። መሳፍንቱ በየዓመቱ ይዋጉ ነበር። ነገር ግን መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ሲል በር ይከፈትለት ነበር፤ ማነህ ተብሎ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው።

ከዚያ አዲስ ንጉሥ ነገሠና ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ የሚል አዋጅ ተነገረ። እኔም እልል ካሉት ጋር እልል ብያለሁ። መንገዱ ለጥቂት ዓመት ሰላም ሆነ፤ እስከ ሐሙሲት ገበያ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን እመለስ ነበር። ኋላ ግን ወታደሩ በዛ፣ በየገበሬው ጎጆ ተመርቶ ተቀመጠ፣ ጎተራውንም አራቆተ። ከእኔ ዘንድ የሚፈለገውም የጭነት ኮርቻ ብቻ ሆነ። ጋፋት ላይ መድፍ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሚታዘዘኝ ከባድ ብረት የሚጎተትበት ጠፍር ነው፤ እጄ የላላው በዚያ ነው። ነጭ ሰው ሁሉ ወይ የንጉሥ ሠራተኛ ወይ የንጉሥ እስረኛ ሆነ። ድሮ አርመኑ ይሉኝ የነበሩ ሰዎች ፈረንጁ ይሉኝ ጀመር። ይህን የሚሉት ጠልተውኝ አይደለም፤ ፈርተው ነው። እኔ የማውቀው አገር ሰው አይፈራም ነበር፣ ቢፈራም እንግዳውን አይፈራም ነበር። ልቤን የሰበረው ይህ ነው፤ ሕመሜ ከእግሬ የጀመረ የሚመስላቸው ተሳስተዋል።

አሁን ወደ ንብረቴ። ወስፌዎቼን፣ መቁረጫዎቼንና የእንጨት ቅርጾቼን ከወንዙ ማዶ ለሚኖሩት፣ ዕድሜ ልኬን ቆዳ ላለፉልኝ ሰዎች ሰጥቻለሁ። ማንም ከእነሱ ጋር አይበላም፤ እኔ ግን እናቴ ያጎረሰችኝን አስቤ ከእነሱ ጋር በልቻለሁ። ከኢየሩሳሌም ያመጣሁት የእንጨት መስቀል ለአባ ትሁን ይሁን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሙሽራ ኮርቻ ያዘዘው ልጅ ከዘመቻ ስላልተመለሰ የቀረ ነው፤ እጮኛው አንድ ቀን መጥታ በእጇ ዳብሳው ሄደች። ኮርቻው ለእቴነሽ ነው። እናትሽ ፈንታነሽ ብትኖር አንቺን በዚህ ላይ አስቀምጣ ትድርሽ ነበር። ቤቱም የእቴነሽ ነው።

ርስቱ ቀረ። ወደ አንበሳሜ በሚወርደው መንገድ ግራ በኩል ያለው፣ ጤፍ የሚበቅልበት መሬት፣ እናቴ ለሁለታችን እኩል ያካፈለችን ነው። የእኔ ድርሻ ለእቴነሽ እንዲያልፍ የጡት ልጅ መሆኔ መመስከር አለበት። ማሩን ያዩት ሽማግሎች ሞተዋል። የቀረው ዘውዱ ብቻ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ወታደሮች መጥተው መንደሩን በደብሩ አጸድ ሥር ሰበሰቡት። እኔን በጣታቸው እያሳዩ ይህ ፈረንጅ የማን ነው፣ ዘመዱ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔ ዘውዱን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ከዚያ «ዘመድ የለውም፤ ለሥራ የመጣ እንግዳ ነው» አለ። በቅሎዬንና ያለፋሁትን ቆዳ ሁሉ ወሰዱ። የዘውዱን በሬዎች አልነኩም። ወንድሜ ነው ቢል ኖሮ የሁለታችንም ቤት ይራቆት ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። አውቄም ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። አብረን አርሰናል፣ ሚስቴን ስቀብር ከጉድጓዱ ደግፎ ያወጣኝ እሱ ነው። እንግዳ መባሌ አይደለም የጎዳኝ፣ እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት። የጎዳኝ ያንን ቃል የተናገረው እሱ መሆኑ ነው።

አሁን አባ ትሁን መስቀሉን ይዘው ወደ በሩ ሄደው፣ የምታውቀውን መስክር አሉት። ዘውዱ የተናገረውን መሪጌታ እንዳለ ይጻፉት፦

«ጋሼ፣ በምን ስም ልመስክር? ወንድሜ ነው ብል ቤቴ ይዘረፋል። ጎረቤቴ ነው ብል ነፍሴ ትጠየቃለች። እርስዎ ይንገሩኝ።»

አቶ ፈንታሁን በእኔ ወገን ሆነው ተቆጡት። ነገሩ በዚህ ወረቀት ላይ ተጽፎ የለም ወይ፣ ምን ያስፈራዋል አሉ። ልክ አይደሉም። እኔ ያልሁት የአንድ ባዕድ ሽማግሌ ወሬ ነው፤ ዘመድ አለኝ ያለ ፈረንጅ ማንንም አያስቀጣም። ዘውዱ በአፉ የመሰከረው ግን ነገ በደብሩ ደጅ ይነበባል፤ የሚይዘው እሱን ነው።

ያን ጊዜ እቴነሽ ተንበርክካ እጄን ያዘች። «አባባ፣ መሬቱን ይልቀቁለት። አጎቴን ግን አይውሰዱብኝ» አለች። መሬቱን መልቀቅ ቀላል ነበር። ሁለተኛው ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። የርስት ድርሻዬን በሙሉ ለዘውዱ ትቻለሁ። ለእቴነሽ ከምርቱ እንዲሰፍርላት እለምነዋለሁ፤ አላዘዝሁም። መቃብሬ ከእናቴ አጠገብ አይሁን፤ በእንግዶች መቃብር ቅበሩኝ። ጎረቤት ከሰው እናት ጎን አይቀበርም፤ ኋላ ሰው አይቶ ዘውዱን እንዳይጠይቀው። እናቴ ብትቀየመኝ እዚያው እንታረቃለን።

የዚህ አገር ኑዛዜ በግዝት እንደሚታሰር አውቃለሁ። አባ ትሁን ያፈረሰ ይወገዝ ሊሉ ሲነሡ ግን ለምኜ አስቀመጥኋቸው። ግዝት አይጻፍበት። ወንድሜ ነገ ፈርቶ ለልጄ ባይሰፍርላት እንኳ፣ የአመተማርያም ልጅ በእኔ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲቆም አልፈልግም። ያለ ግዝት ይህ ወረቀት እንደማይጸና ነግረውኛል። ይሁን።

ለዘውዱም ጎረቤት በል ብዬዋለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፣ አይሆንም ግን አላለም። መሪጌታ ከስምህ አጠገብ ምን ልጻፍ ብለው ሲጠይቁት መልሱን የሰማው የቅርብ ሰው ብቻ ነው። እቴነሽ ተነሥታ ወጣች።

ቃሌ እዚህ ላይ አበቃ።

ተናዛዡ ገብረመድኅን፤ ስሙን በአገሩ ፊደል በእጁ ጽፏል።

ይህን የሰሙ፦
አባ ትሁን፣ የነፍስ አባት።
አቶ ፈንታሁን፣ የመንደሩ ሽማግሌ።
መሪጌታ ይርጋ፣ ጸሐፊ።
ዘውዱ፣ ጎረቤት።